ከወንበር ቁጥር ወደ ውሳኔ ሥልጣን

የአንድ ኅብረተሰብ ዴሞክራሲያዊነት ከሚፈተንባቸው ዐበይት መመዘኛዎች አንዱ፣ የሕዝቡ እኩሌታ የሆኑት ሴቶች በአገሪቱ የፖለቲካ ሕይወት ውስጥ የያዙት ቦታ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ሐቅ በየስብሰባው ይነገራል፤ በየግድግዳው ይጻፋል። ከመደጋገሙ ብዛት የተነሣ ግን ተናጋሪው ሳያስብ የሚወረውረው፣ አድማጩም ሳያላምጥ የሚውጠው መፈክር ወደ መሆን ተቃርቧል። መፈክር የትግል ጥሪ ነው፤ የትግል ምትክ ሊሆን ግን አይችልም። ስለሆነም ጥያቄውን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ወደ ተጨባጩ ኑሮ፣ በተለይም ሰፊው ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ወደ ቀበሌ አዳራሽ መልሶ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በአንድ ተራ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚታየውን ሁኔታ አንባቢው ከራሱ ልምድ ያስታውስ። ስብሰባው የተጠራው እሑድ ጧት በ3 ሰዓት ነው እንበል። አባወራው ቁርሱን በልቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ከፊተኛው መደዳ ይቀመጣል። እማወራዋ ሕፃኑን አጥባ፣ ወጡን ጥዳ፣ ልብሱን አስጥታ ስትደርስ ስብሰባው ተጋምሷል፤ የምታገኘውም ቦታ በበሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ነው። የዕለቱ አጀንዳ የውሃ ችግር ነው። ውሃው በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ የቦኖው ወረፋ የት ድረስ እንደሚረዝም ጠንቅቃ የምታውቀው እርሷ ናት። ስለ ውሃው በሰፊው የሚያብራራው ግን ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቀው ነው። ሰብሳቢው ስብሰባውን ሊዘጋ ሲል ድንገት ትዝ ብሎት «እናቶችስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። እናቶችም ምሳ የሚያቀርቡበት ሰዓት ስለ ደረሰባቸው «የተባለው ደህና ነው» ብለው ይነሣሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ሴቶች በስፋት ተሳትፈዋል» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጉዳይ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይጀምራል። በወረቀት ላይ ያለው ተሳትፎና በአዳራሹ ውስጥ ያለው ተሳትፎ አንድ አይደሉም። በአዳራሹ የሚታየው ልዩነት እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ምክር ቤት ድረስ የሚዘልቅ ነው። የሴቶች የፖለቲካ ተሳትፎ እውነተኛ የሚሆነው፣ ወንበር የያዘችው ሴት የመናገር፣ የመቃወምና የማስወሰን ሥልጣን ሲኖራት ነው። ይህ ሥልጣን ደግሞ የምክር ቤቱ በር ለልዩ ልዩ አስተያየት ክፍት ባልሆነበት፣ በቤት ውስጥም የሥራው ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ ብቻ በተጫነበት ሁኔታ ሊገኝ አይችልም። ዴሞክራሲያዊ ለውጥና የሴቶች ተሳትፎ አንዱ ያለሌላው ሙሉ የማይሆኑ የአንድ ትግል ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ይህንንም የራሳችን ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

ድምፅ በአንድ እጅ፣ ታዛዥነት በሌላው እጅ

በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ለሴትም ሆነ ለወንድ የመምረጥ መብት አልሰጠም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ይህ መብት ሴቶችንም የሚጨምር ነበር። በዚሁ ሕገ መንግሥት መሠረት በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ወደ ምክር ቤቱ ለመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ወይዘሮ ስንዱ በፋሺስት ወረራ ዘመን በአርበኝነት ተጋድሎ የተሳተፉና በጠላት ተይዘው በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት የታሠሩ፣ ከነፃነት በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዲሬክተርነት የመሩ ነበሩ። አንዲት ሴት ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ብቁ ሆና ለመታየት ይህን ሁሉ መሥዋዕትነትና ይህን ሁሉ ዕውቀት ማስቀደም ነበረባት። ከጎኗ ከተቀመጡት ወንዶች መካከል ግን ለወንበራቸው መሬታቸውና ትውልዳቸው የበቃቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

የመምረጥ መብት ከታወጀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ሚስት ሕግን በማይቃረኑ ጉዳዮች ሁሉ ለባሏ እንድትታዘዝ ደነገገ። የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን የባል ነበር። ለጋብቻ የሚፈቀደው ዕድሜ ለወንድ 18 ሲሆን ለሴት 15 ነበር። የሁለቱን ሕጎች ተቃርኖ አንባቢው ልብ ይለዋል። አንዲት ዜጋ ስለ አገሪቱ አመራር ድምፅ እንድትሰጥ ተፈቀደላት፤ ስለምትኖርበት ቤት ግን ድምፅ አልነበራትም። በ15 ዓመቷ ተድራ ለታዛዥነት የተሰጠች ልጅ 21 ዓመት ሞልቷት ወደ ምርጫ ጣቢያ ስትሄድ፣ በእጇ የያዘችው ወረቀት የማን ምርጫ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ብሂል በሕግ አንቀጽ ተደግፎ ቆመ ማለት ነው። ይህ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል በፌዴራል ደረጃ የተሻረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። በምርጫ ሣጥኑና በጓዳው መካከል የነበረው ቅራኔ በሕግ ደረጃ ብቻ እንኳ 40 ዓመት ኖረ።

መሬት፣ ማኅበርና ፍርሃት

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የባላባታዊውን ሥርዓት ከሥሩ ሲነቅል የሴቶችን ጥያቄ በአደባባይ አንሥቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ መሬትን በራሱ ጉልበት ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ ጾታ ሳይለይ እንዲሰጥ ደነገገ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች የቀበሌ ማኅበራት እንዲመሠረቱ በር ከፈተ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ከልጆቻቸው እኩል በአንድ ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። አንዲት እናት ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጇ መጻፍ መቻሏ ቀላል ነገር አልነበረም። በጣት አሻራ ምትክ በፊርማ የሚገባ ውል፣ በሰው አፍ ሳይሆን በገዛ ዐይን የሚነበብ ማስታወቂያ የፖለቲካ ንቃት የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክን በአንድ ዐይን ማየት ለማንም አይጠቅምም። የመሬት አዋጁ ጾታን ባይለይም፣ በገበሬ ማኅበራት መዝገብ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው የአባወራው ስም ስለነበረ፣ ባለትዳሯ ገበሬ መሬቱን የምታገኘው በባሏ በኩል ሆነ። የሴቶች ማኅበርም መመሪያ ከላይ የሚወርድለት አካል በመሆኑ፣ አባላቱ ለሰልፍና ለመዋጮ በብዛት ይጠሩ እንጂ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚታዩት ጥቂቶች ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሕዝቡ ራሱን እንዲያስተዳድርባቸው የተቋቋሙት ቀበሌዎች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር መሣሪያ መሆናቸው ነው። ልጇ በቀበሌ እስር ቤት ገብቶ ያልተመለሰላት፣ ለቅሶ እንኳ እንዳትቀመጥ የተከለከለች እናት ወደዚያው ቀበሌ አዳራሽ ለስብሰባ ስትጠራ ምን ልትናገር ትችል ነበር? ፍርሃት በነገሠበት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ተሳትፎን አያመጣም። የመናገር ነፃነት የሌለበት የሴቶች አደረጃጀት ጭብጨባን ያበዛ ይሆናል፤ ድምፅን ግን አይፈጥርም። ይህ በብዙ ደም የተገኘ ትምህርት ነው።

ቁጥሩ ሲያድግ ምን አብሮ አደገ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት በዝርዝር ደነገገ። ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸውን የበታችነት ግምት ውስጥ በማስገባት ልዩ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑም መብት ሰጠ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 547 መቀመጫዎች መካከል ሴቶች የያዙት በ1992ቱ ምርጫ 42 ነበር። ቁጥሩ በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 21 ያህል ደረሰ፤ በ2002 ዓ.ም. ወደ 152፣ በ2007 ዓ.ም. ወደ 212 ከፍ አለ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ በምክር ቤቱ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ከመቶ 40 አለፈ። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. የተዋቀረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት እኩሌታ ሴቶች ሲሆኑ፣ የመከላከያ ሚኒስቴርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት መራችው። በዚያው ጥቅምትና በተከታዩ ኅዳር ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ለርእሰ ብሔርነት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትነት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ለምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት ተሾሙ።

የዚህን ለውጥ ዋጋ ማሳነስ ስሕተት ነው። ትናንት ሴት ዳኛ ማየት ብርቅ በነበረባት አገር፣ አንዲት የገጠር ተማሪ የአገሪቱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሴት ስትመራው አይታ ማደጓ በራሱ ትምህርት ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹን ጠጋ ብሎ የሚመረምር ሰው አንድ የሚያሳስብ ነገር ያገኛል። በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከ170 በላይ መቀመጫዎችን ማሸነፋቸው በይፋ ተገልጾ ነበር። በ2007ቱ ግን የሴቶች ቁጥር 212 በደረሰበት በዚያው ምክር ቤት ውስጥ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ አልነበረም። የሴቶች መቀመጫ እያደገ ሲሄድ የተለየ አስተያየት የሚሰማበት መቀመጫ ወደ ባዶ ወረደ። ይህ የሆነው ሴቶቹ በመግባታቸው አልነበረም። ሴቶቹንም ወንዶቹንም ወደ ምክር ቤቱ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ በመሆኑ ነበር። የፓርቲ ማእከላዊ አካል በአንድ ውሳኔ የዕጩዎቹን ዝርዝር ሲያሻሽል ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ይጨምራል። የመራጩ አስተሳሰብ ግን እንደነበረው ሊቀር ይችላል። ተመራጯም ተጠሪነቷ ለመረጣት ሕዝብ መሆኑ ቀርቶ ዝርዝሩን ላጸደቀው አካል ይሆናል።

ከምክር ቤቱ ውጭ የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ለሰብአዊ መብትና ለጾታ እኩልነት የሚሟገቱ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ገደበ። በዚህ ምክንያት ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ ማኅበራት ሥራቸውን ለማጠፍ ተገደዱ። በምክር ቤት የሴቶች ወንበር ሲበዛ፣ የተደበደበች ሴት አቤት የምትልበት ቢሮ ግን ጠበበ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ መተካቱ ዴሞክራሲያዊ ለውጥ የሴቶችን ጥያቄ እንዴት በቀጥታ እንደሚነካ የሚያሳይ ምሳሌ ነው። እንዲሁም በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ መራዘሙ መዘንጋት የለበትም። ለአንዲት የቤት እመቤት ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ከሁሉ የሚቀርበው ምክር ቤት የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ነው። ለእርሷ የቅርቡ በር ሳይከፈት ሲቆይ የሩቁ በር ስፋት ብዙም አይፈይዳትም።

ከሕንድ መንደሮች የሚገኝ ትምህርት

የቅርቡ በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሌላ አገር ተሞክሮ መመልከት ይጠቅማል። ሕንድ እንደ እኛው ሰፊ የገበሬ ሕዝብ ያላት፣ ድህነትና የቆየ ልማድ የተጫናት አገር ናት። በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያዋ፣ «ፓንቻያት» ተብለው በሚጠሩት የመንደር ሸንጎዎች ውስጥ ከመቀመጫዎቹም ከሊቀመንበርነቱም ሢሶው ለሴቶች እንዲሆን አስገደደ። ከጊዜ በኋላ በርካታ የሕንድ ግዛቶች ድርሻውን ወደ እኩሌታ አሳደጉት። በዚህ መንገድ በአገሪቱ የተመረጡት ሴቶች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የተሣለቀበት ሥርዓት ነበር። በብዙ መንደሮች ወንበሩን ሚስት ብትይዘውም ሥራውን የሚሠራው ባል ሆነ። ሕዝቡም «የሊቀመንበሯ ባል» የሚል የሹመት ስም አወጣለት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አስተሳሰብ የአንድ አገር ንብረት ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ለሴት የሚመደቡት መንደሮች በዕጣ መልክ በየተራ ስለሚለዋወጡ፣ በሴት የሚመሩትን በወንድ ከሚመሩት ጋር ማነጻጸር ተቻለ። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በዌስት ቤንጋልና በራጃስታን ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙትን ጥናት ማስታወስ ይገባል። በሴት የሚመሩ ሸንጎዎች ሴቶች አጥብቀው ለሚጠይቁት ጉዳይ፣ በተለይም ለመጠጥ ውሃ፣ የበለጠ ገንዘብ ያውሉ እንደነበረ ጥናቱ አረጋገጠ። ጀሪካኑን የምትሸከመው በጀቱን ስትይዝ ገንዘቡ ወደ ውሃው ሄደ ማለት ነው። በኋላ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሴት መሪን ደጋግመው ባዩ መንደሮች ወንበሩ ለሴት ባልተመደበበት ጊዜ እንኳ ተወዳድረው የሚያሸንፉ ሴቶች መብዛታቸውን አሳየ።

ከዚህ ሦስት ቁም ነገሮች ይጨበጣሉ። አንደኛ፣ በሕግ የተመደበ ወንበር በራሱ ግብ ባይሆንም የልማዱን በር የሚሰብር መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ወንበሩ ውጤት የሚያስገኘው በውድድር በሚካሄድ ምርጫና መላው የመንደሩ ነዋሪ ተሰብስቦ ሸንጎውን በሚጠይቅበት ጉባኤ ሲታገዝ ነው። ባልየውን ከጀርባ አውጥቶ «የመረጥነው አንተን አይደለም» የሚለው ያ ጉባኤ ነው። ሦስተኛ፣ ከታች የተጀመረው ወደ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ሕንድ በብሔራዊ ምክር ቤቷም ሢሶውን ለሴቶች ለመመደብ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበችው ረቂቅ ሐሳብ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ መልክ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ተፈጻሚነቱም ቢሆን ከሕዝብ ቆጠራና ከምርጫ ክልሎች እንደገና መከለል ጋር የተያያዘ እንዲሆን ተደረገ።

«ብቃት» ስለሚባለው መከራከሪያ

ለሴቶች ልዩ ድጋፍ በተነሣ ቁጥር «ብቃት ይቅደም» የሚል ድምፅ ይሰማል። አባባሉ በላዩ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂው አንድ ነገር ይዘነጋል፤ የብቃት ጥያቄ የሚነሣው ሴት ስትቀርብ ብቻ ነው። በትውውቅ፣ በዝምድናና በጎጥ ወንበር ላይ ስለተቀመጠው ወንድ «ብቃቱስ?» ብሎ የጠየቀ ሰብሳቢ ስንት ነው? ብቃት ከሥራ ይወለዳል፤ ሥራውም ያለ ዕድል አይገኝም። በዕድሯ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆና አንዲት ሳንቲም ያላጎደለች፣ በዕቁብ ዕጣ ስታወጣ ፍርድ ያላዛባች፣ በጎረቤት ጠብ መሐል ገብታ ያስታረቀች ሴት የአስተዳደርን ጥበብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ተምራለች። የቀበሌው ሒሳብ ከዕድሩ ሒሳብ በመጠን ይበልጥ ይሆናል፤ በመሠረቱ ግን አይለይም። ስለዚህ ልዩ ድጋፍ የተነፈገ ዕድልን መመለስ ነው፤ ብቃት ለሌለው የሚሰጥ ችሮታ አድርጎ መቁጠር የነገሩን መሠረት መሳት ይሆናል።

በሌላ በኩል፣ ጥያቄውን ወደ ሴቶች ብቻ ወርውሮ «ራሳቸው ይምጡ እንጂ ማን ከለከላቸው?» የሚል አለ። የከለከላቸው ሰዓት ነው። ሠርቶ አደሯ ሴት ሁለት የሥራ ቀናት አሏት። አንደኛው በፋብሪካው ወይም በገበያው ተጀምሮ ማታ ያበቃል። ሁለተኛው እቤት ስትደርስ ይጀምራል፤ ደመወዝም የለው፣ ዕረፍትም የለው። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሳሰሉ የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸው በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ወደ 120 ቀናት ማሳደጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሠራተኛዋ ይህ መብት እንዲከበርላት የሚደራደረው የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በጨለማ መንገድ ማዶ ከተጠራ መብቷን የሚከላከልላት ሌላ ሰው ይሆናል። ጊዜ የሌለው ሰው ፖለቲካ የለውም።

ከአዳራሹ እንጀምር

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከሩቅ የሚጠበቅ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ቀበሌ፣ በእያንዳንዱ የሠራተኛ ማኅበርና በእያንዳንዱ ዕድር ውስጥ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ።

በመጀመሪያ የስብሰባ ሰዓት ይመርመር። ሰዓቱን ለመወሰን ሴቶች ይጠየቁ፤ ሕፃን የያዘች እናት ልጇን የምታቆይበት ጥግ በአዳራሹ አጠገብ ይዘጋጅ። ይህ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፈቃደኝነትን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የመናገር ተራ በሥርዓት ይያዝ። አጀንዳው ውሃ፣ ወፍጮ፣ ጤና ጣቢያ ወይም የመንገድ መብራት ሲሆን የመጀመሪያው ተናጋሪ የችግሩ ተሸካሚ ትሁን። «እናቶችስ?» የሚለው የማብቂያ ሰዓት ጥያቄ ይቅር። ሦስተኛ፣ በኮሚቴ ውስጥ ሴቶች የሚመደቡበት ሥራ ይታይ። ሴት ተመራጭ ሁልጊዜ ለመስተንግዶና ለመዋጮ መሰብሰቢያ ብቻ ከታጨች፣ ወንዱም ሁልጊዜ ለሊቀመንበርነትና ለሒሳብ ከታጨ፣ ጓዳው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ እንጂ ምንም አልተለወጠም። አራተኛ፣ ቃለ ጉባኤው እውነቱን ይናገር። ስንት ሴት መጣች ተብሎ ብቻ አይመዝገብ፤ ስንቷ ተናገረች፣ ያቀረበችው ሐሳብስ ከውሳኔ ደረሰ ወይ ተብሎ ይመዝገብ።

አምስተኛው ጉዳይ ኢኮኖሚያዊ መሠረቱ ነው። በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች በተሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ የምስክር ወረቀት ላይ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር፣ አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ ብዙ ንግግር ያላስገኘውን ውጤት አስገኝቷል። በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ፊቷ የሚታይ ሴት «መሬቱ የእኔም ነው» ለማለት ምስክር አያስፈልጋትም። በስሟ ንብረት ያላት ሴት በስብሰባ ላይ ሐሳቧን ስትገልጥ የሚያስፈራራት ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ የቤትም ሆነ የመሬት ምዝገባ በሁለቱም ተጋቢዎች ስም መሆኑን መከታተል የፖለቲካ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ወንዶችን የሚመለከተው ግዴታ ይቀራል። ባለፉት ዘመናት የሴቶችን እኩልነት ሲሰብክ ውሎ ማታ «እራት የት አለ?» እያለ ወደ ቤቱ የገባ ታጋይ ብዙ ነው። እኩልነትን በአዳራሽ አጨብጭቦ በጓዳ የሚሽር ሰው ለሴቶች መብት የቆመ አይደለም፤ የቆመው ለራሱ ስም ነው። ሚስቱ ስብሰባ በምትሄድበት ቀን ልጁን የሚይዝና ወጡን የሚያማስል ባል ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ የፖለቲካ ሥራ ሠርቷል።

ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥር ከሌለ ጅምሩም የለም። ነገር ግን ወንበሩ በነፃ ምርጫ የተገኘ፣ በነፃ ማኅበራት የተደገፈ፣ በቤት ውስጥ ፍትሐዊ የሥራ ክፍፍል የጸና ካልሆነ ዛሬ የተሰጠው ነገ ሊነሣ ይችላል። በሕዝብ ትግልና ንቃት የተያዘ ወንበር ግን ሰጪ ስለሌለው ነሺም አይኖረውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ አንባቢ በአዳራሹ በር አጠገብ ወዳለው የመጨረሻ አግዳሚ ዘወር ብሎ ይመልከት። በዚያ የተቀመጠችው እናት ተነሥታ ስለ ውሃው ስትናገር፣ ሰብሳቢው ንግግሯን ሳያቋርጥ ሲጽፍ፣ ቤቱም ተከራክሮ በሐሳቧ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ያን ጊዜ ዴሞክራሲ በዚያ ቀበሌ ሥራውን ጀምሯል ለማለት ይቻላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ «ሴቶች በስፋት ተሳትፈዋል» ብሎ ለመጻፍ የሚነሣ ብዕር ጥቂት ይታገሥ።